ዓሣ ነባሪ ለማየት በጀልባ ልትወጡ ነው? መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

አብዛኛው ሰው ይህን ጉዞ የሚያቅደው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ዕረፍቱን ይወስዳል፣ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፣ ሆቴል ይይዛል። ወደቡ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው "እዚህ ዓሣ ነባሪ ይታያል እንዴ?" ብሎ የሚጠይቀው። መልሱ ብዙ ጊዜ "ይታያል፣ ግን አሁን አይደለም" ነው። የባሰው ደግሞ "ይታያል፣ ግቡ!" ብሎ ገንዘባችሁን ተቀብሎ ሦስት ሰዓት ሙሉ ባዶ ባህር የሚያዞራችሁ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ የትኛውን ዓሣ ነባሪ ማየት እንደምትፈልጉ፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ከዚያ ቦታውን፣ ከዚያ ጀልባውን። ሆቴሉ የትም አይሄድም፣ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ወራቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ጀልባውንም አውሮፕላኑንም የምትይዙት በዚያው ስለሆነ።

እንስሳው አሁን የት ነው ያለው?

ትልልቆቹ ዓሣ ነባሪዎች አብዛኞቹ መንገደኞች ናቸው። ለመብላት ወደ ቀዝቃዛው ባህር ይሄዳሉ፣ ለመራባትና ለመውለድ ወደ ሞቃቱ ይመለሳሉ። ቀዝቃዛው ውሃ ክሪል በሚባሉ ጥቃቅን እንስሳትና በትናንሽ ዓሦች የተሞላ ነው። ሞቃቱ ለአራስ ግልገል ይመቻል እንጂ እናቲቱ የምትበላው ነገር እምብዛም የለውም፣ እዚያ በቆየችበት ጊዜ ሁሉ ባጠራቀመችው ስብ ነው የምትኖረው፣ ልጇንም የምታጠባው ከዚያው ነው። ይህን ካወቃችሁ የጉዞው ግማሽ ታቀደ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ወሩ የሚወስነው ታያላችሁ ወይስ አታዩም የሚለውን ብቻ ሳይሆን ምን ሲያደርጉ እንደምታዩም ጭምር ነው።

ሃምፕባክ የሚባለውን እንውሰድ። ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ የለም፤ ይዘላል፣ ጅራቱን ያነሳል፣ ረጃጅም ክንፎቹን ውሃው ላይ ያጮኻል። ርዝመቱ ከ12 እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ሐዋይ ላይ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ይገኛል፣ ምርጡ ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው። እዚያ የምታዩት ግልገል ከእናቱ ጋር ወይም አንዲት ሴት ተከትለው የሚጋፉ ወንዶችን ነው። በጁላይ ሐዋይ ብትሄዱ ግን የሉም። አብዛኞቹ አላስካ ገብተው እየበሉ ነው። እዚያ ደግሞ ዕድለኛ ከሆናችሁ ተባብረው በአረፋ መረብ ዓሣ ሲያጠምዱ ታያላችሁ፦ ከታች ሆነው እየዞሩ አረፋ ይለቃሉ፣ ዓሦቹ አረፋው ውስጥ ይታጎራሉ፣ ከዚያ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከዝላዩም ይልቅ እኔን የሚያስደምመኝ ይሄ ነው።

ከምድር ወገብ በታች ሁሉም ነገር ይገለበጣል። በቶንጋ ሃምፕባክ የሚታየው ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ነው። የማዳጋስካሯ ሳንት ማሪ ደሴትና የኬንያዋ ዋታሙም በዚያው ወቅት አካባቢ ናቸው፣ ጁላይ፣ ኦገስት፣ ሴፕቴምበርን አስቡ።

ግራጫው ዓሣ ነባሪ የተለየ ጠባይ አለው። ከአርክቲክ አካባቢ ተነስቶ ሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ድረስ ይወርዳል፣ ደርሶ መልሱ ከ16,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ማርች እንደ ሳን ኢግናሲዮ ባሉ ጸጥ ያሉ ሐይቅ መሰል የባህር ወሽመጦች ውስጥ ይወልዳል። እናቶቹ ራሳቸው ወደ ትንንሾቹ ጀልባዎች ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ግልገሉን እየገፉ ያስጠጉታል። ለምን እንደሚያደርጉት ብዙ ይባላል፤ ለእኛ የሚጠቅመን ግን አንድ ነገር ነው፣ የሚጠጋው እንስሳው እንጂ ጀልባው አይደለም። የጉብኝት ንግዱም የተጀመረው በዚሁ እንስሳ ነው፦ በ1955 ሳን ዲዬጎ ውስጥ አንድ ዓሣ አጥማጅ ግራጫ ዓሣ ነባሪ ለማየት ለሚፈልጉ ሰዎች በነፍስ ወከፍ አንድ ዶላር ያስከፍል ጀመር። በ2008 በ119 አገሮች 13 ሚሊዮን ያህል ሰው ለዚሁ ጉዳይ ወጥቷል።

መንገደኛ ያልሆኑም አሉ። ስፐርም ዌል (ዌል በእንግሊዝኛ ዓሣ ነባሪ ማለት ነው)፣ ያ ትልቅ ሳጥን የመሰለ ጭንቅላት ያለው፣ ጥልቅ ውሃ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። ኒውዚላንድ ካይኩራ ላይ ጥልቅ የባህር ውስጥ ሸለቆ ከዳርቻው አጠገብ ይጀምራል፣ ስለዚህ በየትኛውም ወር ብትሄዱ ወንዶቹ ስፐርም ዌሎች ሩቅ አይደሉም። የፖርቹጋል ደሴቶች አዞሬስም ተመሳሳይ ናቸው። እዚያ አንድ የምወደው ነገር አለ፦ ቀድሞ ገደል ላይ ተቀምጠው ለአዳኞች ዓሣ ነባሪ ይጠቁሙ የነበሩባቸው ማማዎች ዛሬ ለጎብኚ ጀልባዎች ይጠቁማሉ። ባይኖክላር የያዘ ሰው ከላይ ሆኖ ትንፋሹን ያያል፣ በሬዲዮ ለካፒቴኑ ይነግረዋል። ሰማያዊውን ዓሣ ነባሪም እዚያው በኤፕሪልና በሜይ የማየት ዕድል አለ፣ ወደ ሰሜን ሲያልፍ።

ሰማያዊው፣ በምድር ላይ ከኖሩት እንስሳት ሁሉ ትልቁ፣ እስከ 30 ሜትር የሚደርሰው፣ ሁሉም ሰው የሚመኘው ነው። ስሪላንካ ሚሪሳ ላይ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ይፈለጋል። እውነቱን ለመናገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው አልመክረውም። እምብዛም አይዘልም። የምታዩት ረጅም ጀርባ ሲያልፍ፣ ሲያልፍ፣ ሲያልፍ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በጣም ትንሽ ክንፍ ነው። ምን እንደሚያይ ለሚያውቅ ሰው ልብ ያቆማል፣ ዝላይ ጠብቆ ለመጣ ልጅ ግን ጀርባ ብቻ ነው።

ኦርካ የምትፈልጉ (ኦርካ በዘሩ ዶልፊን ነው፣ ግን በዚህ ጉዞ ማንም አይከራከራችሁም) ሰሜን ኖርዌይ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ አለላችሁ፣ ሄሪንግ ዓሣ ተከትለው ይመጣሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚያ ወቅት እዚያ ፀሐይ ከአድማስ በላይ የማትወጣባቸው ሳምንታት አሉ። ብርሃኑ በቀን ጥቂት ሰዓት ነው፣ ብርዱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ቀኑን ስትይዙ

ጉዞውን በመጨረሻው ቀን አትያዙ። ይህን በትልቅ ፊደል ብጽፈው ደስ ይለኛል። ባህሩ ከተናወጠ ጀልባው አይወጣም፣ ደግሞም መውጣት የለበትም። ስለዚህ እንደደረሳችሁ ባለው የመጀመሪያ ወይም ሁለተኛ ቀን ያዙ፤ ቢሰረዝ ወደ ነገ ይዛወርላችኋል፣ ከነገ ወዲያም አለ። በመጨረሻው ቀን የያዘ ሰው ግን ገንዘቡ ተመልሶለት ወደ አየር ማረፊያ ይሄዳል።

ከተቻለ ጠዋት ምረጡ። በብዙ የባህር ዳርቻዎች ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው፣ የጠዋት ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ጸጥ ያለ ውሃ ለሆዳችሁም ለዓይናችሁም ይጠቅማል። ነፋሱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ የሞገዱ ጫፍ ነጭ አረፋ መያዝ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አረፋ ከሩቅ ዓሣ ነባሪ ይመስላል። 30ን ካለፈ ፍለጋው ራሱ ድካም ነው።

የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ስታዩ የሞገዱን ከፍታ ብቻ አትመልከቱ። በሁለት ሞገዶች መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለም ይጻፋል። ሁለት ሜትር ሞገድ በ14 ሰከንድ ልዩነት ሲመጣ ጀልባዋን ቀስ አድርጎ ያነሳትና ያወርዳታል። ያው ሁለት ሜትር በ6 ሰከንድ ልዩነት ሲመጣ ግን ያንገጫግጫችኋል።

በጀታችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ አንድ ውድ ጉዞ ከመያዝ ሁለት መካከለኛ ጉዞ ያዙ። በቅንጦት ጀልባ ላይ ስላላችሁ ዓሣ ነባሪው በብዛት አይመጣም። በሁለት ቀን መውጣት ግን ዕድላችሁን በእርግጥ ከፍ ያደርገዋል።

ከማን ጋር ነው የምትወጡት?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ወይም መልእክት ልካችሁ የሚከተሉትን ጠይቁ፣ የሚመልሱበት መንገድ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ፈቃድ አላችሁ? ብዙ አገሮች ለዚህ ሥራ የተለየ ፈቃድ ይሰጣሉ። ጀልባው ላይ ስለ እንስሳቱ የሚያስረዳ ባለሙያ አለ ወይስ ካፒቴኑ ብቻ ነው? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ባለሙያ ካለ ባዶ ሰዓቱ እንኳን ትምህርት ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ምን አያችሁ? ቀጥ ያለ መልስ የሚሰጥ፣ "ማክሰኞ ምንም አላየንም" ብሎ የሚናገር ድርጅት ካገኛችሁ ከእሱ ጋር ውጡ። "ሁልጊዜ እናያለን" የሚል መልስ መልስ አይደለም።

ከጉዞው ሰዓት ስንቱ መንገድ ነው ብላችሁም ጠይቁ። የሦስት ሰዓት ጉዞ ተብሎ እንስሳቱ ያሉበት ለመድረስ አንድ ሰዓት፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት ከፈጀ የከፈላችሁት ለአንድ ሰዓት ነው። መጸዳጃ ቤት እንዳለም አረጋግጡ፣ ሳቅ የሚያስቅ ጥያቄ ይመስላል፣ እስክትፈልጉት ድረስ።

"ካላያችሁ ዋስትና አለ" የሚለውን ማስታወቂያ አብጠርጥራችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ገንዘብ መመለስ ማለት አይደለም፣ ሌላ ቀን በነጻ መውጣት ማለት ነው። ያ ቲኬት እስከ መቼ ያገለግላል? ለሌላ ሰው ይተላለፋል? ደግሞ "አየን" የሚባለው ምን ሲታይ ነው፣ አንድ ዶልፊን ቢያልፍስ ይቆጠራል?

የማስታወቂያ ፎቶዎቹን ተመልከቱ። እንስሳው ከጀልባው ሥር ተለጥፎ፣ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው፣ አምስት ጀልባ ከብቦት ካያችሁ እለፉት። እንደ ባሃ ያሉ እንስሳው ራሱ የሚጠጋባቸው ጥቂት ቦታዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። በሌላው ቦታ "በጣም እናስጠጋችኋለን" የሚለው ቃል ማስጠንቀቂያ ነው። ርቀት በሕግ የተወሰነ ነው። ሐዋይ ላይ ከሃምፕባክ 90 ሜትር ያህል መራቅ ግዴታ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ጀልባ ከትልቅ ዓሣ ነባሪ 50 ሜትር ውስጥ አይገባም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ደግሞ በሕይወት የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ የሆኑት የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌሎች አሉ፣ ከእነሱ ወደ 460 ሜትር ገደማ ነው መራቅ ያለባችሁ። የምትሄዱበትን ቦታ ቁጥር ቀድማችሁ እወቁ።

ጥሩ ካፒቴን ሥራው ላይ ይታወቃል። ፍጥነቱን ከሩቅ ይቀንሳል። ከፊት አይቀድመውም፣ በቀጥታ ከኋላም አያሳድደውም፣ ከጎን ሆኖ በእንስሳው ፍጥነት አብሮት ይሄዳል። እናትና ግልገል መካከል አይገባም። ርቀቱ ላይ ሲደርስ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ጎብኚውም ድርሻ አለው። ካፒቴን ሕግ የሚጥሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ተሳፋሪው "ትንሽ ጠጋ በልልን" እያለ ስለሚጎተጉተውና ጉርሻ ስለሚጠብቅ ነው። እናንተ አትጎትጉቱ። ደስ ካላችሁም ያመሰገናችሁት ለምን እንደሆነ ንገሩት፣ "ርቀቱን ስለጠበቅህ" በሉት።

ትልቁ ጀልባ ወይስ የጎማው?

ትልቁ ብዙ አይናወጥም፣ የሚሞቅ ክፍል አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ከፍ ያለ ስለሆነ ሩቅ ያሳያል። ጉዳቱ ሕዝቡ ነው። አንድ ጅራት ሲታይ መቶ ሰው ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ እናንተ የምታዩት የሰው ማጅራት ይሆናል። ስለዚህ ጀልባው ስንት ሰው ይይዛል ብላችሁ አትቁሙ፣ ስንቱን ሰው አሳፍራችሁ ነው የምትወጡት ብላችሁ ጠይቁ።

የጎማው ጀልባ ፈጣን ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ትንፋሹን ትሰሙታላችሁ፣ አንዳንዴም ይሸታችኋል (የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ መጥፎ ሽታ አለው፣ ስለዚህ ነገር ማንም አያስጠነቅቃችሁም)። ግን ይደልቃል። የጀርባ ወይም የአንገት ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች አይሞክሩት፣ ብዙ ድርጅቶችም አያሳፍሯቸውም። መጸዳጃም የለውም። እኔ ልጅ ካልያዝኩ የጎማውን እመርጣለሁ፣ ከልጅ ጋር ከሆነ ግን ያለ ምንም ማመንታት ትልቁን፣ ያውም ከሦስት ሰዓት የማይበልጥ ጉዞ፣ በልጁ ልክ የሆነ የነፍስ አድን ጃኬት መኖሩን ቀድሞ ጠይቆ።

ባለ ሸራ ጀልባ ካገኛችሁ ቀርፋፋ ነው፣ ሞተሩ ሲጠፋ ግን ያለው ጸጥታ ሌላ ነው።

ጀልባ ጨርሶ የማይስማማችሁ ከሆነስ? ከመሬትም ይታያል። ደቡብ አፍሪካ ሄርማነስ ላይ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ደቡባዊ ራይት ዌሎች ከዳርቻው ገደል ሥር ይመጣሉ፣ በእግራችሁ እየሄዳችሁ ታያላችሁ፣ ክፍያ የለውም። ካናዳ ታዱሳክ አካባቢም በሞቃቱ ወራት ከዓለቱ ላይ ተቀምጦ ማየት ይቻላል።

ሆዳችሁ

ስለዚህ ጉዳይ ሰው ማውራት ያፍራል እንጂ ብዙ ጉዞ የሚያበላሸው ይሄ ነው። የጀልባ ማቅለሽለሽ የሚመጣው ጆሯችሁ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል "እየተናወጥን ነው" ሲል ዓይናችሁ ደግሞ "ኧረ ቆመናል" ሲል ነው። አንጎል ግራ ይጋባል፣ ዕዳውን ሆድ ይከፍላል። መፍትሔው ሁለቱን ማስማማት ነው፤ ማለትም ዓይናችሁ መናወጡን እንዲያይ ማድረግ። ውጪ ቁሙ፣ አድማሱን ተመልከቱ። ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ስልክ የምትጎረጉሩ ከሆነ አበቃ።

መድኃኒቱ ሥራ የሚሠራው ሳይጀምራችሁ ከተወሰደ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምረው ክኒን ይፈልጋል። ያኔ ክኒኑ ሆድ ውስጥ አይቆይም፣ ቢቆይም ዘግይቷል። ዳይመንሃይድሪኔት ወይም ሜክሊዚን የሚባሉት በብዙ አገር ፋርማሲ ይገኛሉ፣ ከመሳፈራችሁ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ይወሰዳሉ። እንቅልፍ እንቅልፍ ሊያሰኙ ስለሚችሉ መኪና ነድታችሁ የምትመለሱ ከሆነ አስቡበት፣ ከተቻለም ከጉዞው በፊት በሌላ ቀን እቤት ሞክሩት። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ ስኮፖላሚን የሚባልም አለ፣ ቢያንስ አራት ሰዓት አስቀድሞ ነው የሚለጠፈው፣ በብዙ ቦታ የሐኪም ማዘዣ ይጠይቃል፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ላለበት ሰው አይሆንም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ወይም ለልጅ ከሆነ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳትጠይቁ ምንም አትውሰዱ። ዝንጅብል የሚረዳቸው አሉ፣ አብዛኛውን ሰው አይጎዳም።

ባዶ ሆድም፣ ጢም ያለ ሆድም ጥሩ አይደሉም። ቀለል ያለ ደረቅ ነገር ብሉ፣ ውሃ ያዙ፣ ዋዜማውን መጠጥ ተዉት። ጀልባው ላይ ብዙ የማይናወጠው ቦታ መሐል ነው፣ ዝቅ ያለው ፎቅ። ከሞተሩ ጭስ ራቁ። ከአቅም በላይ ከሆነ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ገብታችሁ አትዘጉ፣ እዚያ ይብስባችኋል፤ ወደ ጎኑ ሂዱ፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ የሚመጣበት ጎን መሆኑን አረጋግጡ። ይህን የረሳ ሰው አጠገቡ ያሉትን ሁሉ ወዳጅ አያደርግም።

ምን ልልበስ?

ወደቡ ላይ ቢሞቅም ባህሩ ላይ ይበርዳል። ተደራራቢ ልብስ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ የማያንሸራትት ጫማ። ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም። ኮፍያችሁ ማሰሪያ ይኑረው። የፀሐይ ክሬም በደመናም ቀን ቀቡ፣ ውሃው ብርሃኑን ያንጸባርቃል። ፖላራይዝድ መነጽር ካላችሁ ያዙ፣ የውሃውን ነጸብራቅ ቆርጦ ከሥር ያለውን ያሳያችኋል። በቃ።

ማየት ራሱ ሙያ ነው

ጀልባው ላይ ወጥታችሁ ካፒቴኑ እስኪያሳያችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ በባዶ ዓይን አድማሱን ቀስ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ዳስሱ። ባይኖክላር የሚመጣው የሆነ ነገር ካያችሁ በኋላ ነው። ስትገዙም ሆነ ስትዋሱ 7 ወይም 8 እጥፍ የሚያጎላውን ምረጡ፣ 10 እጥፉ በሚናወጥ ጀልባ ላይ እጃችሁን አብሮ ያጎላዋል። ደግሞ ለረጅም ጊዜ አትመልከቱበት፣ ስለ ሆዳችሁ ያልኩትን አስታውሱ።

የምትፈልጉት ትንፋሽ ነው። እንስሳው ወደ ላይ ወጥቶ ሲተነፍስ እንደ ጭስ ብቅ ይላል፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል። ቅርጹ ማን እንደሆነ ይነግራችኋል። የሰማያዊው ቀጥ ያለ ረጅም ዓምድ ነው፣ እስከ 9 ሜትር ይደርሳል። የሃምፕባክ አጠር ያለ ቁጥቋጦ መሳይ ነው። የራይት ዌል ከፊት ስታዩት ለሁለት ይከፈላል። የስፐርም ዌል ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ምክንያቱም መተንፈሻው ያለው ከጭንቅላቱ ጫፍ በግራ በኩል ነው። ይህን አንዴ ካወቃችሁ አጠገባችሁ ላለው ሰው ከባለሙያው ቀድማችሁ ትነግራላችሁ፣ እሱም የጉዞው አንዱ ደስታ ነው።

ትንፋሽ ከሌለ ወፎችን ፈልጉ። ወፎች ተሰብስበው አንድ ቦታ የሚወረወሩ ከሆነ እዚያ ትናንሽ ዓሦች አሉ፣ ዓሦቹ ካሉ ትልቁም ሊኖር ይችላል። ውሃው ላይ እንደ ዘይት የለሰለሰ ክብ ቦታ ካያችሁ ደግሞ የጅራቱ አሻራ ነው፣ አሁን እዚያ ነበር ማለት ነው።

መርከበኞቹ አቅጣጫ የሚጠሩት በሰዓት ነው። የጀልባው ፊት 12፣ ቀኝ 3፣ ኋላ 6፣ ግራ 9። "2 ላይ!" ሲባል ከፊት ወደ ቀኝ ዘወር በሉ። ቀድማችሁ ከያዛችሁት ሌላው "የት? የት?" ሲል እናንተ አይታችሁ ጨርሳችኋል።

ትዕግሥቱ እንደ እንስሳው ይለያያል። ሃምፕባክ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይና ይመለሳል። ስፐርም ዌል ጅራቱን አንስቶ ከገባ ግን 45 ደቂቃና ከዚያ በላይ ታች ሊቆይ ይችላል፣ ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ያህል ላይ ሆኖ ይተነፍሳል። ለዚህ ነው ስፐርም ዌል የሚያሳዩ ጀልባዎች ማይክሮፎን ውሃ ውስጥ የሚከቱት። እንስሳው ምግብ ሲፈልግ ሳያቋርጥ ቲክ ቲክ ያደርጋል፣ ድምፁ ካቆመ ወደ ላይ እየመጣ ነው። ካፒቴኑ ሞተሩን አጥፍቶ ሲያዳምጥ ዝም በሉ፣ ከቻላችሁም እንዲያሰማችሁ ጠይቁት።

ፎቶ

በስልክ ከሆነ ዙም አታድርጉ። የምታገኙት ግራጫ ላይ ጥቁር ነጥብ ነው። ቪዲዮ ክፈቱ፣ ሰፋ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ በዓይናችሁ እዩ። ካሜራ ያላችሁ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ፣ ፍጥነቱ ከሰከንድ 1/1000 በላይ፣ በተከታታይ የሚያነሳበት ላይ አድርጉት። የዘለለ ዓሣ ነባሪ ብዙ ጊዜ ይደግማል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ዝላይ ካመለጣችሁ ስክሪኑን ማየት ትታችሁ ካሜራውን እዚያው ቦታ ላይ አነጣጥራችሁ ጠብቁ። ሌንሱ ላይ ጨዋማ ውሃ ይረጫል፣ ለስላሳ ጨርቅ ያዙ። ድሮን ግን ተዉት፣ በብዙ ቦታ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።

አንድ የሚጠቅም ፎቶ አለ፦ ሃምፕባክ ወደ ታች ሲገባ የሚያሳየው የጅራቱ የታችኛው ገጽ። ጥቁርና ነጩ ቅርጽ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ከአንዱ አንዱ ይለያል። ሃፒዌል የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ፎቶውን ከቀኑና ከቦታው ጋር ስትልኩለት ከሌሎች ፎቶዎች ጋር ያመሳስለዋል፣ እንስሳው ከተገኘም ሌላ ጊዜ የት እንደታየ ይነግራችኋል። ሐዋይ ላይ ያነሳችሁት አላስካ ላይ ሌላ ሰው አንስቶት ሊሆን ይችላል።

ምንም ሳታዩ ከተመለሳችሁ ደግሞ ከጀልባው ሳትርቁ ወደ ቢሮው ሂዱ። ድርጅቱ ሌላ ቀን በነጻ ማውጣት ቃል ከገባ ቲኬቱን እዚያው ተቀበሉ፣ የሚያበቃበት ቀን እንዲጻፍበት አድርጉ፣ ለነገ ጠዋት ቦታ ካለም ወዲያው ስማችሁን አስመዝግቡ። የተቀሩት ተሳፋሪዎችም ስለሚመጡ ቶሎ ይሞላል።